በሽምግልና የተነገረ ቃልና የሕግ ጥበቃው

ነጋዴ ከነጋዴ ጋር በሂሳብ ሲጣላ፣ በመጀመሪያ የሚያመራው ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ሽማግሌ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህም ልማድ ሕግን ከመናቅ የመጣ አይደለም። ክርክር ገንዘብን ያስራል፤ ጊዜን ይበላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ ተከራክሮ የረታው ሰው ነገ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው ወዳጅ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ገንዘቡንም ወዳጁንም ሳያጣ ነገሩን ለመጨረስ ሽማግሌ ይቀመጥልን ይላል።

ነገር ግን ወደ ሽማግሌ የሚሄድ ሰው ሁሉ በልቡ የሚያመላልሰው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «በሽማግሌዎች ፊት እውነቱን ዘርግፌ ብናገርና ዕርቁ ሳይሳካ ቢቀር፣ የተናገርሁት ቃል ነገ በዳኛ ፊት በራሴ ላይ ይመሰክርብኛልን?» የሚል ነው። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ ቃል ከተነገረ በኋላ አይመለስም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በዕርቅ ላይ የሚነገር ቃል በሕግ በኩል ምን ጥበቃ እንዳለው፣ ጥበቃው የት ላይ እንደሚያበቃና ነጋዴው ከሕጉ በተጨማሪ በራሱ በኩል ምን ማድረግ እንደሚገባው ለአንባብያን ማስረዳት ነው። ጸሐፊው በነጋዴ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ የሚጽፍና መዝገብ የሚጠብቅ ሠራተኛ እንጂ የሕግ ሊቅ አይደለም። ሆኖም የሽምግልና ቃል በወረቀት ላይ የሚሰፍረው በጸሐፊ እጅ ስለሆነ፣ ነገሩ የሥራው ጉዳይ ሆኖ አግኝቶታል።

ገበያና ወሬ በይፋት ቆላ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማበርና ከደብረ ሲና ተራራ ቁልቁል ተወርዶ በሚደረስበት ሜዳ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው በቀወት ወረዳ ማሾ፣ ማሽላና ጤፍ፣ በመስኖም ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። ከእርሷ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ጀውሃ፣ ሰንበቴና አጣዬ ይገኛሉ። በሰንበቴ ገበያ እሑድ እሑድ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ተሰብስበው ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ።

ይህ ምድር ለንግድ አዲስ አይደለም። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው አገር የሚወጣው የነጋዴ መንገድ በጥንቱ በይፋት ሡልጣኔት ግዛት ያልፍ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመትም ከአንኮበር ሥር የምትገኘው የአልዩ አምባ ገበያ የታወቀች ነበረች። በኋላም ዘመን በነጋዴዎች ላይ የተሾመው ነጋድራስ ቀረጥ ከመሰብሰቡ ሌላ የንግድ ክርክር ይሰማ ነበር። ከሹሙ በፊት ግን፣ እንደ ዛሬው ሁሉ፣ ሽማግሌ ነበረ።

በዚሁ ቆላ ምሥራቅ የሚኖሩት አፋሮች «ዳጉ» የሚባል የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ጥቂት አረፍ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን አንዱ ለሌላው በዝርዝር ይነግረዋል፤ ሰሚውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዚህ ዓይነት አንድ ወሬ ሰፊውን በረሃ በአጭር ጊዜ ያዳርሳል። ዳጉ የውሃና የግጦሽ፣ የሰላምና የጠብ ወሬ ስለሚያደርስ ለኑሮ የሚጠቅም ሥርዓት ነው። ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ያለው ቴሌፎን በበኩሉ ወሬን ከዚያም አፍጥኖታል። እንግዲህ ወሬ እንዲህ በሚሮጥበት ገበያ ውስጥ «እገሌ ዕዳ መክፈል አቅቶት ሽማግሌ ተቀምጦበታል» የተባለ እንደሆነ፣ ነጋዴው ዕርቁ ሳያልቅ ዱቤው ይዘጋበታል። የምስጢር ጥበቃ ጉዳይ ለነጋዴ የክብር ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ብንመለከተው

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ለአንድ የሸዋ ሮቢት ባለሱቅ 40 የውሃ መሳቢያ ሞተሮች፣ አንዱን በ30,000 ብር ሂሳብ፣ በድምሩ በ1,200,000 ብር በዱቤ ሸጠ እንበል። ባለሱቁ 500,000 ብር ከፈለ። ከዚህ በኋላ ገበሬዎች 12 ሞተሮች ተበላሹ ብለው መለሱበት። አስመጪው «ቀሪውን 700,000 ብር ክፈል» ሲለው፣ ባለሱቁ «የ12ቱ ዋጋ 360,000 ብር ይቀነስልኝና 340,000 ብር ብቻ እከፍላለሁ» አለ። ሁለቱም በዚህ ቃላቸው ጸንተው ሽማግሌ ፊት ቀረቡ።

ሽማግሌዎቹ እያንዳንዱን ለብቻው ባነጋገሩት ጊዜ፣ ባለሱቁ «ከ12ቱ 5ቱ የተቃጠሉት ዘይት ሳይጨመርባቸው በመሥራታቸው ነው፤ ይህንን አውቃለሁ» አለ። አስመጪውም «ከነዚህ ሞተሮች አንዳንዶቹ ውሃ የሚያስገባ እንከን እንዳለባቸው ፋብሪካው በደብዳቤ አሳውቆኝ ነበር» ሲል ገለጠ። አሁን ሂሳቡ ታወቀ። የአስመጪው ጥፋት የ7 ሞተር ዋጋ፣ ማለትም 210,000 ብር ነው፤ ባለሱቁ የሚከፍለው ደግሞ 490,000 ብር ነው። ይህን ቁጥር ማንም ሊያገኘው የቻለው ሁለቱም እውነቱን በመናገራቸው ብቻ ነው።

ሆኖም በአከፋፈሉ ጊዜ ሳይስማሙ ቀርተው ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ እንበል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 242፣ ተከራካሪ በክርክር ጽሑፉም ሆነ በሌላ መንገድ አንድን ነገር ያመነ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ በእምነቱ መሠረት ሊፈርድ እንደሚችል ይናገራል። «በሌላ መንገድ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። እንዲሁም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1851፣ ባለዕዳው ዕዳውን ያመነ እንደሆነ የይርጋው ዘመን እንደሚቋረጥ ይደነግጋል። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት የተነገረች አንዲት «አዎን፣ አለብኝ» የምትል ቃል ጥበቃ ካላገኘች፣ ባለዕዳውን በሁለት በኩል ልታስይዘው ትችላለች። አስመጪውም ቢሆን የፋብሪካው ነገር በገበያ የተሰማ እንደሆነ ሌሎች ደንበኞቹ ሁሉ ዕቃ ሊመልሱበት ይነሣሉ። ሁለቱም «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደተባለችው ሴት ሆኑ ማለት ነው። ይህንን የሚፈራ ነጋዴ በሽማግሌ ፊት ቢቀርብም አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፤ አፍ የተዘጋበት ዕርቅም ዕርቅ አይሆንም።

የሀገራችን ሕግ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3318 ጀምሮ ስለ ዕርቅ ደንግጎ ነበር። በዚያ ሕግ መሠረት ተከራካሪዎች አስታራቂ ሊመርጡ ይችላሉ፤ ለአስታራቂውም አስፈላጊውን መረጃ ሁሉ መስጠት ግዴታቸው ነው። አስታራቂው የሁለቱን ቃል ከሰማ በኋላ የስምምነቱን ቃል ያዘጋጃል፤ ካልተስማሙም አለመስማማታቸውን በጽሑፍ ይገልጻል። ያዘጋጀው የስምምነት ቃል የሚያስገድዳቸው እንዲጸና በጽሑፍ የተስማሙበት እንደሆነ ነው። እንደሚታየው ሕጉ ተከራካሪዎችን «መረጃ ስጡ» ሲል አስገድዷል፤ የሰጡት መረጃ በምስጢር እንዲጠበቅ ግን በነዚህ አንቀጾች ራሱን የቻለ ድንጋጌ አላኖረም። ክፍተቱን ሲሞላው የኖረው የሽማግሌዎች ጨዋነት ነው።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ግን ለዕርቅ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶ፣ የዕርቁ ሂደት በምስጢር እንዲጠበቅ ደንግጓል። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ በፍርድ ቤት የተከፈተ ክርክር ወደ አስማሚ ተመርቶ በስምምነት የሚያልቅበትን መንገድ ከፍቷል። በንግዱ ማኅበር በኩልም የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 የግልግል ተቋም አቋቁሞ የነጋዴዎችን ክርክር በግልግልና በዕርቅ ሲያስጨርስ ቆይቷል።

በወንጀል በኩል ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር መግለጥን ይቀጣል፤ ጠበቃን፣ የግልግል ዳኛን፣ አስተርጓሚን፣ ሐኪምንና እነዚህን የመሳሰሉትን በሙያቸው ምስጢር የሚጠብቁ ሰዎች ይመለከታል። የሚቀጥለው አንቀጽ 400 የንግድና የኢንዱስትሪ ምስጢርን ይጠብቃል። በሰፈር ስለ ጨዋነቱ የተጠራ ሽማግሌ ግን ባለሙያ ስላልሆነ፣ ነጋዴው በወንጀል ሕጉ ላይ ብቻ መተማመን አይገባውም።

ሦስቱ አጥሮች

የምስጢር ጥበቃ አንድ አጥር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1980 የዕርቅ ደንብ፣ በ2002 የዕርቅ ሞዴል ሕግ አውጥቷል፤ ሞዴል ሕጉንም በ2018 አሻሽሎታል። ብዙ አገሮች የራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ ይህንን ሞዴል ተመልክተዋል። ከውጭ አገር ነጋዴ ጋር የምትዋዋሉ አስመጪዎችና ላኪዎችም ይህን ሐሳብ በውላችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ። በሞዴሉ መሠረት ጥበቃው በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው አጥር በሁለቱ ተከራካሪዎች መካከል ያለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሞዴሉ ሕግ አስታራቂው ከአንዱ ወገን ለብቻው የሰማውን የነገሩን ፍሬ ለሌላው ወገን ሊነግረው ይፈቀድለታል፤ የማይነግረው ተናጋሪው «ይህ በምስጢር ይያዝልኝ» ብሎ ያስታወቀው እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሽማግሌ ለብቻ የተነገረ ሁሉ በራሱ ምስጢር ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። ምስጢር የሆነውን ነገር ምስጢር ነው ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አጥር ከውጭ ሰው የሚጠብቅ ነው። ተከራካሪዎቹ፣ አስታራቂው፣ ጸሐፊውና በስፍራው የተገኘ ሁሉ በዕርቁ ላይ የሰሙትን ለገበያ፣ ለባንክ ወይም ለተወዳዳሪ ነጋዴ አይገልጹም።

ሦስተኛው አጥር ከፍርድ ቤትና ከግልግል ዳኛ ፊት የሚጠብቅ ነው። አንዱ ወገን እንታረቅ ብሎ መጠየቁ፣ የመታረቂያ ሐሳብ ማቅረቡ፣ በዕርቁ ላይ አንድን ነገር ማመኑ፣ አስታራቂው ያቀረበውን ሐሳብ ለመቀበል ፈቃደኛ መሆኑ፣ እንዲሁም ለዕርቁ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ጽሑፍ በማስረጃነት አይቀርብም። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ባለሱቁን ስለ 5ቱ ሞተሮች ከተናገረው ቃል የሚያድነው ይህ ሦስተኛው አጥር ነው።

የጥበቃው ወሰን

አንዳንድ ሰው «ምስጢር እንዲህ ከተጠበቀ፣ አታላይ ነጋዴ ጥፋቱን በሽማግሌ ፊት ተናግሮ ከተጠያቂነት ሊያመልጥ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ጥበቃው ለቃሉ እንጂ ለነገሩ አይደለም የሚል ነው። ቀድሞ የነበረ ማስረጃ በዕርቅ ላይ ስለቀረበ ብቻ ምስጢር አይሆንም። አስመጪው በሽማግሌ ፊት የተናገረው ቃል ይጠበቅለታል፤ ፋብሪካው የላከለት ደብዳቤ ግን ከዕርቁ በፊት የነበረ ሰነድ ስለሆነ ባለሱቁ በሕግ መንገድ ይቅረብልኝ ሊል ይችላል። ደረሰኝ፣ የዱቤ መዝገብ፣ የባንክ ወረቀትና የጉምሩክ ሰነድም እንደዚሁ ናቸው።

ከዚህም ሌላ ሕግ እንዲገለጥ የሚያስገድደው ነገር ሲኖርና የታረቁበትን ውል ለማስፈጸም ሲያስፈልግ ምስጢሩ ይከፈታል። ታርቆ የፈረመ ሰው «ውሉ ምስጢር ነው» ብሎ ክፍያ ሊያስቀር አይችልምና።

አስቸጋሪው ነገር ግን አንዱ ወገን «የፈረምሁት ተገድጄ ነው» ያለ እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር ፋርም አሲስት የተባለ ኩባንያ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር በአስታራቂ ፊት የተስማማበትን ውል ተገድጄ ነው የፈረምሁት ብሎ ተከራከረ። አስታራቂዋ ምስጢር ለመጠበቅ የተዋዋለች ብትሆንም፣ ዳኛው ለፍትሕ ሲባል ቀርባ እንድትመሰክር መጠራቷን አጸደቀው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2011 በፈረደው የካሴል ጉዳይ፣ ደንበኛና ጠበቃው ለዕርቁ ሲዘጋጁ እርስ በርስ የተነጋገሩት እንኳ ሳይቀር ተጠብቆ እንዲቆይ አደረገ። አንዱ አገር ምስጢሩን ለፍትሕ ሲል ይከፍታል፤ ሌላው ለዕርቁ ሲል አጥብቆ ይዘጋል። ከዚህ የምንማረው ምስጢር በየትም አገር ያለ ወሰን እንደማይኖርና ወሰኑን አስቀድሞ በጽሑፍ ማመልከት ከብዙ ክርክር እንደሚያድን ነው።

በጽሕፈት ቤታችሁ ሊደረግ የሚገባው

ሽምግልና በአብዛኛው በቃል የሚፈጸም ስለሆነ፣ ኋላ ክርክር ቢነሣ ስብሰባው በሕግ የታወቀ ዕርቅ መሆኑንና ተራ ጨዋታ አለመሆኑን ማስረዳት ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ነገር ከመስማታቸው በፊት ተከራካሪዎቹ አጭር ጽሑፍ ቢፈርሙ መልካም ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊባል ይችላል፦

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው ተከራካሪዎች በመካከላችን ያለውን ክርክር በዕርቅ ለመጨረስ ተስማምተናል። በዚህ ዕርቅ ላይ የሚነገረውን ቃል፣ የሚቀርበውን የመታረቂያ ሐሳብና ለዕርቁ ብቻ የሚዘጋጀውን ጽሑፍ ሁሉ በምስጢር እንጠብቃለን። ዕርቁ ባይሳካም እነዚህን በፍርድ ቤት ወይም በግልግል ዳኛ ፊት በማስረጃነት አናቀርብም፤ አስታራቂዎቹንም በምስክርነት አንጠራም። ይህ ግዴታ ሕግ የሚያስገድደውን ከመግለጽና የታረቅንበትን ውል ከማስፈጸም አይከለክለንም።»

በዚህ ጽሑፍ ላይ ከተከራካሪዎቹ ሌላ አስታራቂዎቹ፣ አስተርጓሚ ካለም እርሱ፣ ቃል የሚይዘውም ጸሐፊ መፈረም አለባቸው። በይፋት ገበያ ብዙ ቋንቋ ስለሚነገር አስተርጓሚው ሊዘነጋ አይገባውም። ጉዳዩ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚነካ እንደሆነ ጽሑፉን ለሕግ ዐዋቂ ማሳየት ይገባል።

ከዚህም በኋላ የሚከተሉትን መጠበቅ ያስፈልጋል።

1ኛ. የዕርቁ ወረቀት ከዘወትሩ የደብዳቤ መዝገብ ተለይቶ በራሱ ፋይል ይቀመጥ። በየወረቀቱም ራስጌ ላይ «ለዕርቅ ንግግር ብቻ» ተብሎ ይጻፍ።

2ኛ. ዕዳን የሚመለከት የመታረቂያ ደብዳቤ ከተራው የሂሳብ ደብዳቤ ጋር አይቀላቀል። በአንድ ወረቀት ላይ ዕቃ ማዘዝና ዕዳ ማመን አብረው የተጻፉ እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል እንደሚጠበቅ መለየት ያስቸግራል።

3ኛ. ስብሰባው ሲጀመር ቴሌፎን ሁሉ እንዲዘጋ፣ ድምፅም እንዳይቀዳ ይስማሙ። በስልክ የተላከ የመታረቂያ መልእክትም እንደ ደብዳቤው ሁሉ «ለዕርቅ ንግግር ብቻ» የሚል ቃል ይኑረው።

4ኛ. ለሽማግሌ ለብቻው የሚነገር ምስጢር ካለ፣ «ይህን ለወገኔ እንዳትነግሩብኝ» ተብሎ በግልጽ ይነገር።

5ኛ. ዕርቁ ሳይሳካ ቢቀር፣ የሚጻፈው ማስታወቂያ «አልተስማሙም» ከማለት አይለፍ። ማን እንቢ እንዳለ፣ ስንት ብር ቀርቦ እንደነበር፣ ስለ ምን እንደፈረሰ የሚዘረዝር ጽሑፍ ምስጢሩን በጓሮ በር ያወጣዋል።

6ኛ. ዕርቁ ከተሳካ፣ የታረቁበት ውል ለብቻው ተጽፎ ይፈረም፤ የሚከፈለው ገንዘብና የሚከፈልበት ቀን ብቻ ይጻፍበት። የጥፋቱ ዝርዝር በውሉ ውስጥ ካልገባ፣ ውሉ ለማስፈጸም ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ እንኳ የማንም ገመና አይገለጥም።

የነጋዴ ሀብቱ በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሰው በእርሱ ላይ ያለው እምነትም ነው። ዕርቅ ይህን እምነት ሊያድሰው የሚችለው እውነት የተነገረበት እንደሆነ ነው፤ እውነት የሚነገረውም ተናጋሪው ቃሉ በሌላ ስፍራ እንደማያጠፋው የተማመነ እንደሆነ ነው። ሽማግሌዎቻችን ይህን ያለ ጽሑፍ ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሕጉም አሁን ከጎናቸው ቆሟል። ከነጋዴው የሚቀረው ነገር ከመናገሩ በፊት አንድ ወረቀት መፈረም ነው።